ማወዳደር ወይስ ማነጻጸር?

«ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በሾዋክም ሆነ በገዳሪፍ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁንና መልስ ከመስጠታችን በፊት የምንለካው ምን እንደ ሆነ፣ የምንለካውም ለምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ሁለት ቃላት አሉት። «ማወዳደር» የውድድር ወገን ነው፤ ቀዳሚና ተከታይ፣ አሸናፊና ተሸናፊ ይኖረዋል። «ማነጻጸር» ግን «ነጸረ»፣ ማለትም «አየ፣ ተመለከተ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ነው፤ መነጽርም የዚሁ ዘር ነው። ሁለቱን ነገሮች ፊት ለፊት አቁሞ አጥርቶ ማየት ማለት ነው። ዓረብኛ ደግሞ «ሙቃረና» ይላል፤ ሥሩ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማሰርን፣ ማጣመርን ያመለክታል። በሦስቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ነው።

ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በፈተና ውጤት ይካሄዳል። በሱዳን የየዊላያው መንግሥት የማጠቃለያ ፈተናን ውጤት ከአላፊዎቹ መቶኛና ከቀዳሚዎቹ ስም ጋር በይፋ ማወጁ የቆየ ልማድ ነው። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ተማሪው የት እንደ ደረሰ እንጂ ከየት እንደ ተነሣ አይናገርም። ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ወደ 4,000 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ባጠናበት ጊዜ፣ የውጤታቸው ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ቁሳቁስ ይልቅ ከቤተሰባቸው ኑሮ ጋር የተሳሰረ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ «ጥሩ» የምንለው ትምህርት ቤት አንዳንድ ጊዜ ዕድለኞች ልጆች የተሰበሰቡበት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በእኛ አካባቢ ይህ ርቀት በቋንቋ ይለካል። የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 22 ለስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ረገድ ከአገሬው ልጅ ጋር እኩል አያያዝ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1974 ተቀብላዋለች። ነገር ግን በቤቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ እየተናገረ በዓረብኛ የሚማር ልጅ ወንበሩ እኩል ቢሆንም መንገዱ እኩል አይደለም። ይህን ልጅ ከመካከለኛ ውጤት ያደረሰ መምህር፣ የተዘጋጀ ልጅ ተቀብሎ ከከፍተኛ ውጤት ካደረሰው ባልንጀራው የበለጠ ደክሞ ሊሆን ይችላል። የውጤት ሰሌዳው ግን ድካሙን አይጽፍለትም።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሚዛን መጥቷል። በገዳሪፍ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከካርቱምና ከሌሎች ቦታዎች ለሸሹ ቤተሰቦች መጠለያ ሆነዋል። በየክፍሉ ቤተሰብ የተኛበት ትምህርት ቤት የጠፋበትን የትምህርት ጊዜ ቆጥረን ከሌላው በታች ብናስቀምጠው ሒሳቡ ትክክል ይሆናል፤ ፍርዱ ግን ይጎድላል።

ታዲያ ማነጻጸር ይቅር? አይደለም። የተሸፈነ ቁስል አይድንም። በኢትዮጵያ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤቶች ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። ቁጥሩ መራራ ነበር፤ ሆኖም ቁጥሩን ባንሰማ ኖሮ ልጆቹ የሚያውቁት ነገር አይጨምርም ነበር። ክፋቱ ቁጥሩን የሚያሳፍር ምልክት አድርጎ በተማሪው ግንባር ላይ መለጠፉ ነው፤ ያስተማረው ሥርዓት ነው ሊጠየቅ የሚገባው።

ከሁሉ የሚከብደው የወላጅ ጥያቄ ነው። አባት ወይም እናት ለመርህ ሲሉ ልጃቸውን ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲተዉ ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም፤ ልጅ የአንድ ጊዜ ዕድሜ አለው። አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር አስተውሏል። ጥራት ሲጓደል ቀድመው የሚወጡት ለጥራት እጅግ የሚቆረቆሩት ወላጆች ናቸው፤ እነርሱ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ድምፅም ያጣል። ጣሪያው ለምን አልተጠገነም፣ መምህሩ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። የሚቀሩት ልጆች ግን ከዚያው ከተማ፣ ከዚያው ገበያ የምናገኛቸው ናቸው። ልጄ የነገ ጎረቤቱን፣ የነገ ሐኪሙን፣ የነገ ዳኛውን ከእነርሱ መካከል ያገኛል። ዓረብኛው ቃል ያስተዋለው ይህን ማሰሪያ ይመስለኛል፤ የሚነጻጸሩት ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ገመድ የተጠመዱ ናቸው።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን ወደሚሻለው ቢያዛውር አይነቀፍም፤ ድምፁን ግን ይዞ ባይሄድ መልካም ነው። ለወላጅ ስብሰባ የሚሆን ጊዜ፣ ለመምህር የሚነገር ምስጋና፣ ለባለሥልጣን የሚቀርብ አቤቱታ ልጅ የሌለበትንም ትምህርት ቤት ይጠቅማል።

አንድ መፈተኛ ደግሞ አለ። ነገ ጠዋት የከተማው ልጆች ሁሉ በዕጣ ወደ ትምህርት ቤቶች ይመደባሉ ቢባል፣ ዕጣው ለልጃችን እንዳይወጣ የምንፈራው የትኛው ነው? አጥርተን ልናየው፣ አስቀድመንም ልንጠግነው የሚገባን እርሱን ነው። ዛሬ ያለ ዕጣ የተመደቡበት ልጆች አሉና።