የከበሮው ባለቤት ማን ነው?

ሰው ከሰው ሳይወስድ የሠራው ነገር ይኖር ይሆን? ቋንቋውን ከእናታችን፣ ተረቱን ከአያታችን፣ ዜማውን ከጎረቤት ወስደናል። መውሰድ በራሱ ነውር አይደለም። የሚያነጋግረው ወስዶ ዝም ማለት ነው።

በዳንስ ሙዚቃ ዓለም «ብሬክቢት» የሚሉት ስልት ይህን ጥያቄ አፍጥጦ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ኩል ኸርክ የተባለ ዲጄ፣ ጨፋሪው ይበልጥ የሚነሣሣው ሌሎቹ መሣሪያዎች ጸጥ ብለው ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አስተዋለ። ያችን ቅጽበት በሁለት አንድ ዓይነት ሸክላዎች እያፈራረቀ አስረዘማት። ኋላ ድምፅ ቆርጦ የሚደጋግም መሣሪያ ሲመጣ ሥራው ቀለለ።

ከሁሉም በላይ የተቆረጠችው፣ ዊንስተንስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው «ኤሜን ብራዘር» ውስጥ ግሪጎሪ ኮልማን የመታት ከበሮ ናት። ርዝመቷ ሰባት ሰከንድ ግድም ነው። «ጀንግል» የተባለው የለንደን ሙዚቃ በእርሷ ላይ ቆመ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ዘፈኖችም ተሠሩባት። ኮልማን ግን ከዚህ ሁሉ ሳንቲም ሳይደርሰው እ.ኤ.አ. በ2006 በድህነት ሞተ። ለቡድኑ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ2015 አድናቂዎች 24 ሺሕ ፓውንድ ያህል አዋጡለት። ደግ አደረጉ። ይሁንና ዕዳ በስጦታ ስም ሲከፈል ባለዕዳው ለጋስ መስሎ ይታያል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ፣ ሚካኤል ሰይፉ፣ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ያሳተመው ሮፍናን የአገር ቤቱን ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር አስታርቀዋል። መንገዱ ተከፍቷልና ተከታዩ ብዙ ነው።

እንበልና አንድ ወጣት ወደ ምዕራብ ሸዋ ይወርዳል። አምቦ፣ ጉደር ወይም ጌዶ አካባቢ ሠርግ ላይ የረገዳውን ጭብጨባና የእግር ምት፣ የአንዲት እናትንም ድምፅ በስልኩ ይቀዳል። አዲስ አበባ ተመልሶ አራት ሰከንዱን ቆርጦ ይደጋግመዋል። የጭፈራ ቤቱ ይናወጣል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የእርሱ ብቻ ነው። ቢጠየቅ «የሕዝብ ነው» ይላል።

መልሱ እውነት አለው፤ ማምለጫም ነው። «የሕዝብ ነው» ማለት «የማንም አይደለም» ማለት አይደለምና። ሕጉም ቢሆን ብዙ አያስጨንቀውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድምፁን ለቀዳውም ሰው መብት ይሰጣል። ዜማውን ለዘመናት ያቆየችው መንደር ግን ለፍርድ ቤት የምታሳየው ወረቀት የላትም። ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ግን ቅን አይደለም።

«ሁሉ ይጠየቅ ከተባለ ሙዚቃ ይሞታል» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የለንደኖቹ ወጣቶች ፈቃድ ቢጠብቁ ኖሮ ጀንግል ባልተወለደ ነበር። «ኤሜን ብራዘር» ራሱ ከመንፈሳዊ መዝሙር የተቀዳ ነው። ነገር ግን አጥር ማጠርና ባለቤትን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

የአምቦን ውሃ እንመልከት። ከምድር የሚፈልቅ እንጂ ማንም የሠራው አይደለም። ሆኖም ጠርሙሱ የከተማዋን ስም ይዞ ይዞራል፤ እኛም «አንድ አምቦ» ብለን እናዛለን። ከአምቦ ምድር ለወጣ ውሃ የሰጠነውን ክብር ከአምቦ ሰው ጉሮሮ ለወጣ ድምፅ የምንነፍገው በምን ሒሳብ ነው?

ወጣቱ ሊያደርገው የሚገባ ብዙ አይደለም። ሲቀዳ ለምን እንደሚቀዳ ይንገር። እናቲቱ ከፈቀዱ ስማቸውን፣ የመንደሩንም ስም ይጻፍ። ገንዘብ ካገኘበት ተመልሶ ያካፍል፤ የሠራውንም ያሰማቸው። ሠርግ ቤት ገብቶ የበላ ሰው እንኳ ሲወጣ መርቆ ነው የሚወጣው።