የንጉሥ ሥልጣንና የናቡቴ ርስት

ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰጠ እንደ ሆነ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል። ይህን የማይቀበል ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ከዚህ ቃል አንድ ጥያቄ ይወለዳል፤ ሥልጣኑን ከእግዚአብሔር የተቀበለ ንጉሥ ከሰው ተግሣጽ ነጻ ይሆናልን?

በፈረንሳይ አገር «አዎን» የሚል ትምህርት ጸንቶ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1614 የካህናት፣ የመኳንንትና የሕዝብ እንደራሴዎች ጉባኤ ከተጠራ በኋላ እስከ 1789 ድረስ ዳግመኛ አልተጠራም። 14ኛው ሉዊ መኳንንቱን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት በዙሪያው አኖራቸው፤ ጳጳሱ ቦሱዌም ንጉሥ ስለ ሥራው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው መልስ አይሰጥም ብሎ አስተማረ። በ1793 ግን 16ኛው ሉዊ በሕዝቡ ፊት አንገቱ ተቈረጠ።

የሸዋም ታሪክ ለዚህ ነገር ምስክር አለው። አቤቶ ነጋሲ ከመንዝ ተነሥተው የሸዋን ነገሥታት ቤት መሠረቱ። የልጅ ልጆቻቸው በመርእድ አዝማችነት ከገዙ በኋላ ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ ተባሉ፤ ለየራሳቸው ይኖሩ የነበሩት የመንዝና የመርሐ ቤቴ ባላባቶችም ለአንድ ቤት አደሩ። ይህ አንድነት ከመሳፍንት ጠብ ሕዝቡን እንዳሳረፈ አንክድም። ሆኖም የማማ፣ የላሎና የጌራ ምድር ሰው ርስቱን ከአቅኚ አባቱ በትውልድ ቈጥሮ ይይዝ ነበር እንጂ ከንጉሥ በስጦታ አላገኘውም። የንጉሥ ሥልጣን የሚቆምበት ድንበር በሥርዓቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህንኑ ያስተምረናል። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሡ ለአክዓብ አልሰጥም ባለ ጊዜ በሐሰት ምስክር ተገደለ፤ ነቢዩ ኤልያስም ወደ ንጉሡ ሄዶ ፍርዱን በፊቱ ነገረው። ኤልያስ ዘውዱን አልነጠቀም፤ ዝምም አላለም። ናታንም ዳዊትን እንዲሁ ገሠጸው፤ ዳዊትም ተግሣጹን ሰምቶ ንስሐ ስለ ገባ ዙፋኑ ጸና። እንግዲህ ተግሣጽ ዓመፅ አይደለም፤ ለንጉሡ መድኃኒት ነው እንጂ። ፍትሐ ነገሥትም በ44ኛው አንቀጽ ንጉሥን ከሕግ በታች ያኖረዋል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዘመናቸው ረኃብ በሆነ ጊዜ ጎተራቸውን ለሕዝቡ ከፈቱ። ከእርሳቸው ዘር የተወለዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሰጡ፤ እርሱም፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም፣ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውንም የማይነካ አድርጎ አጸና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ግን የግሼ ጎረቤት በሆነው በወሎ ሕዝቡ በረኃብ ሲያልቅ ነገሩ በጊዜው ሳይገለጥ ተሸፋፍኖ ቆየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሥልጣኑ አይነካም ተብሎ የታጠረለት ሰው እውነትም ሳትደርሰው ትቀራለች፤ አጥሩ መከራን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ወሬውን ነው።

ዛሬ በአገራችን ዘውድ የለም፤ ሥልጣን ግን አለ። በወረዳ አስተዳዳሪ ወንበር፣ በደብር አለቃ ወንበር፣ በአባወራም ቤት ውስጥ አክዓብ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ካህናት ሆይ፣ ቅብዐ መንግሥትን በነገሥታት ራስ ላይ ያፈሰሰው የካህን እጅ የካህኑን አፍ አልዘጋም። ሹሙን በአደባባይ ማዋረድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ በፍቅርና በብቻው እውነቱን መንገር ግን የእኛ ዕዳ ነው። ምእመናንም ሆይ፣ ለሹማችሁ ስትጸልዩ ጤናና ዕድሜ ብቻ አትለምኑለት፤ የሚገሥጸው ናታንን፣ የሚሰማም የዳዊትን ልብ ለምኑለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።