ቀይ ፕላስተር

ቶኪዮ ውስጥ፣ ግድግዳው እንደ ወረቀት በሳሳ አፓርታማ፣ አንድ ወጣትና አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። እሱ ሲያስል እሷ ትሰማለች፤ እሷ ማንቆርቆሪያ ስትጥድ እሱ ይሰማል። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበራቸውም።

ወጣቱ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር ያገናኛል። ሞደሙ ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው ይፈልጋል። አንድ ሌሊት አገኘ።

«ብቻዬን ነኝ። እርስዎስ?»

«እኔም።»

ስም ሳይጠያየቁ ሲጻጻፉ ከረሙ። ብርዱ ገባ።

ውሎ አድሮ የጎረቤቱ ድምፅ ያውከው ጀመር። መልእክቱን ሊያነብ ሲል ማንቆርቆሪያዋ ይጮኻል። ወጥቶ ቀይ ፕላስተር ገዛ። ስንጥቁ ላይ ለጠፈ። በጥርሱ እየቆረጠ፣ በአውራ ጣቱ እየዳመጠ ለጠፈ። የግድግዳውን ጥግ፣ የመስኮቱን ዳር፣ የበሩን ክፈፍ ዞረው። ጫፉ በተነሳ ቁጥር ሌላ ደረበበት። ጥቅሉ አልቆ ካርቶኑ እጁ ላይ ሲቀር ቤቱ ጭር አለ።

ያን ሌሊት መልእክት መጣ፦ «ጎረቤቴ ሲያስል ሰው አለ ብዬ እተኛ ነበር። ዛሬ አልሰማሁትም።»

ወጣቱ ከልቡ አዘነ። «ምን ዓይነት ጎረቤት ነው!» ብሎ መለሰ።

በሦስተኛው ሌሊት መልስ አልመጣም። በአራተኛውም። ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ነጋበት።

ፕላስተሩን የተዋስኩት ከኪዮሺ ኩሮሳዋ የ2001 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው። «ካይሮ» ይባላል፤ የግብጿ ከተማ ሳትሆን፣ በጃፓንኛ የኤሌክትሪክ ዑደት ማለት ነው። ሙታን በኢንተርኔት መስመር ወደ ሕያዋን ይመጣሉ፤ የተከለከሉት በሮች በቀይ ፕላስተር ታሽገዋል። ሃሩኤ የተባለችው ተማሪ እንደምትለው ግን መናፍስቱ ሰው አይገድሉም፤ በገዛ ብቸኝነቱ ውስጥ ይዘጉበታል እንጂ። በተማሪዋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ነጥቦች ይንሳፈፋሉ። ሁለት ነጥቦች በጣም ከተቀራረቡ ይሞታሉ፤ በጣም ከተራራቁ ይሳሳባሉ። ከመናፍስቱ ሁሉ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የነሱኝ እነዚያ ነጥቦች ናቸው።

በፊልሙ መጨረሻ ቶኪዮ ሰው አልባ ስትሆን ሚቺ የተባለችው ወጣት በመርከብ ትሸሻለች። አብሯት ያመለጠው ልጅ በመርከቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ቀርቷል። እሷ ግን ጥሏት ሄደ አላለችም፤ ከጥላው አጠገብ ቁጭ ብላለች።