መዝገብ ላይ የሌለው የዕድር ሰው

ጥሩንባ ነፊው ገና ጎሕ ሲቀድ ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ ባለው ሰፈራችን ሲዞር፣ ከሁላችንም ቀድሞ ከቤቱ የሚወጣ አንድ ሰው አለ። ዕድሜው ሠላሳን አልፏል። ስሙን አልጽፍም። ሲወለድ ጀምሮ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ነው። ማን እንደሞተ አይጠይቅም። በቀጥታ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ሄዶ በሩ እስኪከፈት ይቆማል፤ ከዚያ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ወደ ለቅሶው ቤት ያመላልሳል። የድንኳኑ ገመድ በየት በኩል እንደሚወጠር ያውቃል። ተሳስተህ ብትወጥር ይቆጣሃል፤ እኔን ሁለት ጊዜ ተቆጥቶኛል።

እኔ አባቴ ሲሞቱ በቦታቸው የተመዘገብኩ አባል ነኝ። አምና ብቻ ሦስት ጊዜ ከቀብር ቀርቼ ተቀጥቻለሁ። ቅጣቱን ስለከፈልኩ መዝገቡ ላይ ንጹሕ ነኝ። እሱ ግን መዝገቡ ላይ የለም።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ነው። ስኳር በሽታ ያደከማቸው እናቱ ብድግ ብለው፣ «እኔ ስሞት እንደ ሌላው ሰው ልጅ፣ ልጄ ቦታዬን ይያዝልኝ» አሉ። ሰዉ ዝም አለ። ቀድሞ የመጣው ርኅራኄ ነበር፤ አንድ አባት ተነሥተው «እናዋጣላቸው» አሉ። ሴትዮዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምጽዋት መች ጠየቅሁ? ሃያ ስምንት ዓመት የከፈልኩበትን ቦታ ነው የጠየቅሁት» ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የዕድሩ ዳኛ፣ ክፋት የማያውቁ ሰው፣ ከባዱን ጥያቄ አመጡት፦ አባል ማለት ግዴታውን ዐውቆ የፈረመ ሰው ነው፤ ምን እንደሚፈርም የማያውቀውን እንዴት አድርገን እናስፈርማለን?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ በቀላሉ አትዩት። ሕጋችንም ሲታገለው የኖረ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 339 አእምሯቸው ደካማ የሆኑትን ከሰካራሞችና ከአባካኞች ጋር በአንድ ረድፍ አሰልፎ፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ እንደ እብድ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ደነገገ። ዓላማው ንብረታቸውን ከአታላይ መጠበቅ እንደሆነ ይገባኛል። ሰልፉ ግን ይከነክነኛል፤ ሰካራሙና አባካኙ እዚያ የደረሱት በገዛ እጃቸው ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ከእነሱ ጋር የተሰለፈው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. ያጸደቅነው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ በአንቀጽ 12 በሕግ ፊት ሰው ሆኖ መቆጠርን፣ በአንቀጽ 19 ከማኅበረሰቡ ጋር መኖርን፣ በአንቀጽ 30 በባህልና በስፖርት መካፈልን መብት ያደርገዋል። ጥሩ ነው። ግን በእኛ ሰፈር አዋጅ በጥሩንባ አይነፋም።

በጎ ነገር አልተሠራም ለማለት አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በፈረንጆች 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም በአደባባይ ይናገሩ ነበር። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቶ አባዱላ ገመዳ የመሠረቱት ዳውን ሲንድሮም ባለባት ልጃቸው ስም ነው። ልብ በሉ፤ የጀመረው ሁሉ እሳቱ የነካው ነው፤ ጭሱን ከሩቅ ያየው አልጀመረም።

አንድ ዓመት መጋቢት 12 ቀን እናትና ልጅን ይዤ ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ አንድ በዓል ሄጄ ነበር። ዕለቱ በፈረንጆች ሦስተኛው ወር በገባ በ21ኛው ቀን ይውላል፤ ዳውን ሲንድሮም የሚመጣው 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን ነውና ነው ቀኑ የተመረጠው። የተባበሩት መንግሥታት ማክበር የጀመረው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ታክሲ ቀይረን ደረስን። ካኔተራ ታደለ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ልጁ እስኪያልበው ጨፈረ። ማምሻውን ቃሊቲ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ እናቱ፣ «ነገስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገ ያለው ዕድሩ ነው። ከቤታቸው በእግር ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

በስብሰባው ላይ ተነሥቼ የተናገርኩት ይህንኑ ነበር። ግዴታውን አያውቅም አትበሉ፤ ጥሩንባውን ሰምቶ የሚሮጠው ማን ነው? ፊርማዬ ያለው እኔ ሦስቴ ቀርቻለሁ፤ ፊርማ የሌለው እሱ አንድም ቀን አልቀረም። ዕውቀት ማለት ወረቀት ላይ መፈረም ነው ወይስ አግዳሚ መሸከም? አንዳንዶች አጨበጨቡ። የረታሁ መሰለኝ።

ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብለው ተነሡ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ አትናገርም፣ በእግሯ አትሄድም፣ ከቤት ስትወጣ ያያት ጥቂት ሰው ነው። «የእኔ ልጅ አግዳሚ አትሸከምም። እሷስ?» አሉ። እኔ ተቀመጥኩ።

እውነታቸውን ነው። አንዱን ልጅ በጉልበቱ አስገብቼ በሯን በሌላዪቱ ላይ ዘግቼ ነበር። ሰውን በሚሠራው ከመዘንነው፣ የጎረቤቴ ልጅም ወገቡን ያመመው ዕለት ከሰውነት ተራ ይወጣል። እነዚህ እናቶች ለማንም ሳይነግሩ የሚጸልዩት ጸሎት አለ፤ ልጃቸው ከእነሱ አንድ ቀን ቀድሞ እንዲሞት ይለምናሉ። አንዲትን እናት እንዲህ የሚያስጸልይ ሰፈር ጎረቤት አለኝ ያሰኛል? ድንኳኑና አግዳሚው ተሟልቶ እንኳ?

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲመላለስብኝ ሰነበተ። ዕድር የሚያገለግለው ማንን ነው? የሞተ ሰው አይፈርምም፣ አያመሰግንም፣ ነገ ብድር አይመልስም። እኛ ግን ሥራ ጥለን እንሸኘዋለን፤ የቀረውንም እንቀጣለን። ቤተሰቡ ይከፍላል ትሉኝ ይሆናል፤ እነዚህም እናቶች ይከፍላሉ። ምንም ለማይመልስ ሰው መቆምን ለሬሳ ከቻልንበት፣ በሕይወት ላለች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚከብደን ለምንድን ነው? የዕድሩ ዳኛ ይህን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው፣ «የሞተ ሰው የሚፈልገው ሦስት ቀን ነው፤ እሷ ዕድሜ ልኳን ነው» አሉኝ። ይህም እውነት ነው፤ አቅልዬ ላልፈው አልችልም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ እናቷ ስትሞት ማን ያጥባታል፣ ማን ያጎርሳታል፣ በወር ከምናዋጣው ላይ ስንት ይጨመር፣ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይፈልጋል።

ስብሰባው አምስት ሰው መርጦ የደንብ ማሻሻያ እንዲያዘጋጅ ወስኗል። እኔ አንዱ ነኝ፤ የልጅቷም እናት አሉበት። ሁለት ጊዜ ተሰብስበናል። እኔ ቀላሉን፣ የጎረቤቴን ልጅ ምዝገባ፣ እናስቀድም ባይ ነኝ፤ ሴትዮዋ መጀመሪያ የልጃቸው ይጻፍ ብለው ቆርጠው ተነሥተዋል። እስካሁን ወረቀቱ ላይ ያለው ቀኑና የአምስታችን ስም ነው።