የብዙኃን ዜማ ባለቤት ማን ነው?

ዘፈን ባለቤት አለው ወይ? አለው ከተባለስ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊዘፍነው የማይችለው ዘፈን የማን ነው? ይህ ጥያቄ ለሙግት ያህል የሚነሣ አይደለም። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ በሕይወት ያለ ጥያቄ ነው።

የዶርዜ ሕዝብ በሽመናው በመላ ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ በዜማው ግን የዚያን ያህል አልታወቀም። የማሲንቆው አዝማሪ በአንድ ድምፅ ያዜማል። በማኅሌትም ሊቃውንቱ ቢበዙ የሚያዜሙት ዜማ አንድ ነው። በዶርዜ ዘፈን ግን አንዱ ግጥሙን ሲያወጣ ሌላው በቀጭን ድምፅ ከላይ ይሻገረዋል፤ የቀሩትም ቃል የሌለው ድምፅ እየተቀባበሉ አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው ይሞላዋል። ከእነዚህ ድምፆች አንዱን ብቻ ለይቶ ያደመጠ ሰው ዘፈኑን ሰማሁ ሊል አይችልም። ድር ያለ ማግ ሸማ አይሆንምና።

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ይህን ዜማ ቀርፆ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የዶርዜ ዘፈኖች በአንድ ሸክላ ተሰባስበው እንዲወጡ አደረገ። በዚህም ዶርዜን ረግጦ የማያውቅ አድማጭ የሕዝቡን ጥበብ ሊሰማ ቻለ። ይሁን እንጂ ሸክላ በባሕርዩ ስም ይጠይቃል፤ ደራሲው ማን ነው? ዘፋኙስ ማን ነው? ብዙ ድምፅ በአንድነት የፈጠረው ሥራ በዚህ ጥያቄ ፊት ይቸገራል።

ችግሩ የጋሞ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከተሞች፣ በ1950ዎቹ፣ ወጣት ጥቁሮች በየመንገዱ ጥግ ቆመው ያለ መሣሪያ፣ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየተቀባበሉ የሚያዜሙት «ዱ ዎፕ» የተባለ ዘፈን ነበር። የፍራንኪ ላይመንና የጓደኞቹ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ዝነኛ ዘፈን ላይ የደራሲነት ክርክር ተነሥቶ አሥርተ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዳኞች ለሁለቱ የቡድኑ አባላት ፈረዱላቸው፤ በ1996 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱ በጊዜው አልቀረበም ሲል ውሳኔውን ሻረ። በጋራ የተዜመው በግል ሲመዘገብ ፍትሕ የቀን ቆጠራ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

የእኛም ሕግ ቢሆን መነሻው ግለሰብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በዕድሜ ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። የዶርዜ ዘፈን ደራሲ ግን መቼ ሞተ? ሃምሳው ዓመት ከየትኛው ቀብር ተነሥቶ ይቆጠራል?

«እንግዲያውስ የሕዝብ ነው» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሱ ያምራል፤ ነገር ግን አደጋ አለበት። የሁሉም የተባለ ነገር ብዙውን ጊዜ ጠያቂ የሌለው ነገር ይሆናል፤ ጠያቂ የሌለውንም የፈለገ ያነሣዋል።

እውነተኛው መልስ በዘፈኑ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በዚያ መዘምራን መካከል ባለቤት ማለት ድርሻውን የሚሸከም ማለት ነው። ቀጭኑን ድምፅ የያዘው ሰው ከቀረ ክፍተቱ ይሰማል፤ መቅረቱም ጓደኞቹን ይጎዳል። ሸማኔው ለእንጀራ ሲል አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የሚመለሰው ለበዓሉ ብቻ አይደለም፤ የእሱን ድምፅ ወደሚጠብቅ ቦታው ነው። ባለቤትነት እዚህ ላይ ከንብረት ይልቅ ግዴታ ነው።

ከዚህ አንጻር ሸክላ የሚያኖረው ድምፁን ነው፤ ግዴታውን ሊያኖር አይችልም። ስለዚህ ያንን ዜማ የሚያደምጥ፣ የሚያስተምር ወይም በመድረክ የሚያቀርብ ሁሉ ከግዴታው ድርሻ አለበት። ዜማውን «ባህላዊ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የመጣበትን ቦታና የሚዘፍነውን ሕዝብ በስም ይጥራ፤ የቀዳውን ቅጂ ለባለቤቶቹ ይመልስ፤ ያተረፈውንም ያካፍል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዶርዜ ልጅ ከአያቱ ጎን ቆሞ የራሱን ድምፅ የሚለማመድበት ጊዜና ቦታ እንዳይጠፋ ይትጋ። ይህ ከጠፋ ሸክላው ባለቤቶቹ የሌሉበት ቤት ሆኖ ይቀራል።