ያጠብንበት ውኃ



የጋሸናን ብርድ የሚያውቅ ሰው ስለ ሹራብ ክፉ ለመናገር አይደፍርም። አባቶቻችን በጋቢና በባና የመከቱትን ውርጭ እኛ ዛሬ በአብዛኛው የምንመክተው ከገበያ በምንገዛው የአክሪሊክ ሹራብና የፖሊስተር ጃኬት ነው፤ ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይደርቃል። ዳሩ ግን እነዚህ ጨርቆች ከነዳጅ ዘይት የተሠሩ ፕላስቲኮች ናቸው፤ በታጠቡ ቁጥር ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ክሮች ይረግፋሉ። የእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ስድስት ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ በማሽን አንድ ጊዜ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ክር ሊለቅ እንደሚችል ገምተዋል። የጥጥ ክርም ይረግፋል፤ እርሱ ግን ይበሰብሳል።

«እኛ በእጃችን ነው የምናጥበው» የሚል ይኖራል። በእጅ ማሸትም ክር ያረግፋል። የማሽኑ ውኃ በበለጸጉት አገሮች አብዛኛውን ጊዜ በማጣሪያ ያልፋል፤ የእኛ ግን በቀጥታ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በአትባራ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ከዝዋይ ሐይቅ ተይዘው ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ውጠው ተገኝተዋል፤ ሁሉም ከልብስ የመጣ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ሳናስብ ባደረግነው እንጠየቃለን? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አጣቢዎቹ ያሰቡት ልብሳቸውን ማጽዳት ብቻ ነበር። ሳያውቁ በሠሩት በጎ ነገር ካልተመሰገኑ፣ እኛም ሳናውቅ ባደረስነው ጉዳት አንወቀስም ማለት ይቻላል። ችግሩ እኔ አንብቤዋለሁ፤ አሁን እናንተም አነበባችሁት።

እናቴ ያላት ሹራብ አንድ ነው። እርሷን «አትልበሺ» ማለት ግፍ ነው፤ ምርጫ የሌለውን ሰው መውቀስ አይገባምና። ምርጫ ያለን እኛ ነን፤ በዚህ ወር እንኳ ለመዘምራን ልብስ የፖሊስተር ጨርቅ ይገዛ ወይስ የጥጥ እየተባባልን ነው። እኔ የጥጡ ይገዛ ብያለሁ። ገንዘብ ያዣችን «የዋጋው ልዩነት ከየት ይምጣ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሚመጣው እሑድ መልስ ይዤ እቀርባለሁ ብያት ነበር፤ ዛሬ ዐርብ ነው፤ ገና አላገኘሁም።