ጉዳቱ የት ደረሰ?

የግል መረጃ ጥበቃ ጠበቃ ዘንድ የሚመጣ ደንበኛ የሚያሳየው ቁስል የለውም። በሩ አልተሰበረም፣ ዕቃው አልጎደለም፣ ኮምፒውተሩም እንደ ወትሮው ይሠራል። ስለዚህ ጠበቃው ማን በደለ ወደሚለው ከመድረሱ በፊት በደል መኖሩን ማስረዳት አለበት። ሥራው ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚሻ ሰው፣ ኪዳኔ የተባለውን ትውልደ ኢትዮጵያዊ የክስ መዝገብ ቢያነብ ከብዙ ትንታኔ ይልቅ እሱ ያስተምረዋል።

ኪዳኔ እውነተኛ ስሙ አይደለም። በስደት አሜሪካ ገብቶ ዜግነት ያገኘ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ነው። በየካቲት 2014 (ከአዋጅ ቁጥር በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ጥብቅና ከቆሙለት መካከል የዲጂታል መብት ተሟጋቹ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች ነበሩ። ክሱ እንደሚለው፣ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ የዎርድ ሰነድ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ሶፍትዌሩም የስካይፕ ንግግሩን ለወራት እየቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ሲልክ ቆየ። በመጋቢት 2013 የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ ስለዚያ ሰርቨር በይፋ በጻፈ በቀናት ውስጥ ሶፍትዌሩ ተነቀለ። ሲነቀል ግን ዱካውን ጠርጎ አልጨረሰም፤ የጠበቆቹ ማስረጃ ያ የቀረ ዱካ ሆነ።

ከዱካው ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚያስቆመኝ ከፖለቲካ ጋር ምንም የማይገናኘው ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ ለታሪክ ትምህርት ብሎ ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ያደረገው ፍለጋ አብሮ ተመዝግቧል። አዳማጩ ማንም ይሁን ማን ይህን ፈልጎ አይመስለኝም፤ ግን ወሰደው። የአባቱ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ልጁም ተሰለለ። ከሳሹ ስሙን የደበቀበት ምክንያትም ወደዚሁ ይመራል፤ ለራሱ ብቻ ሳይሆን አገር ቤት ላሉ ዘመዶቹ ስለሰጋ ነው። እንግዲህ ጠበቃው ያለበትን አጣብቂኝ እንይ። ደንበኛው መብቴ ተጣሰ ብሎ አደባባይ እንዲወጣ ያስፈልጋል፤ ያው ጠበቃ ደግሞ ደንበኛው አደባባይ እንዳይታይ ዳኛውን ያስፈቅዳል። የሕግ መጻሕፍት የግላዊነትን መብት የአንድ ግለሰብ አድርገው ይጽፉታል፤ ሲጣስ ግን የሚጣሰው በዙሪያው ባሉት ሁሉ ላይ ነው። ከውጭ አገር ወደ ቤቱ የሚደውል ኢትዮጵያዊ ይህን ለማወቅ ጠበቃ አላስፈለገውም። «ይህ የስልክ ወሬ አይደለም፤ ስትመጣ እናወራለን» የሚለው ለስንቱ እናት የተለመደ ንግግር ነው።

ፍርድ ቤቱ ግን የጠየቀው ሌላ ነው፦ ድርጊቱ የት ተፈጸመ? በ1976 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥታት በመሠረቱ አይከሰሱም ይላል፤ በአሜሪካ ምድር ለተፈጸመ በደል ግን በር ይከፍታል። ጠበቆቹ ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ ነበር፣ ንግግሩም የተቀዳው እዚያው ነው ብለው ተከራከሩ። በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። በደሉ ከነሐሳቡና ከነአፈጻጸሙ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት፤ ስለላው የታቀደውና ፕሮግራሙ የታዘዘው ግን ከውጭ ነው አለ። ጠበቆቹ የጠቀሱት የቺሌው ኦርላንዶ ሌቴልየር ጉዳይ ነበር። ሌቴልየር በ1976 ዋሽንግተን ውስጥ በመኪናው በተጠመደ ቦምብ ተገደለ፤ ፍርድ ቤትም በ1980 በግድያው የተከሰሰችው ቺሌ ያለመከሰስ መብት የላትም ብሎ ነበር። ዳኞቹ ልዩነቱን ሲያስረዱ ቦምቡን ያጠመዱት ሰዎች ከተማዋ ውስጥ በአካል ነበሩ አሉ። ከሕጉ ፊደል አንጻር ይህ የማይረባ ክርክር አይደለም። ውጤቱ ግን ሰው ልኮ የሚበድል መንግሥት ይከሰሳል፣ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚበድለው ግን አይከሰስም ማለት ነው፤ ይህን ለመቀበል ይቸግረኛል። ደግሞም መዝገቡ የተዘጋው ማስረጃው በፍሬ ነገሩ ሳይመረመር ነው። ማን እንደሰለለ ፍርድ ቤት አልወሰነም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አልሰለለምም አላለም።

ጥያቄው በሌላ አገር ሌላ መልስ አግኝቷል። በ2022 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋኔም አል-ማሳሪር የተባለው የሳዑዲ ተወላጅ ቀልደኛ ስልኮቼ ተሰለሉ ብሎ ሳዑዲ ዓረቢያን ሲከስስ፣ ድርጊቱ ሁሉ እንግሊዝ ውስጥ መፈጸም አያስፈልገውም ብሎ ክሱ እንዲቀጥል ፈቅዷል።

ኢትዮጵያም የራሷ ድንጋጌ አላት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤንም የስልክ ግንኙነትንም ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ አካል በምን አግባብ ሊይዘው እንደሚገባ ይዘረዝራል። አዋጁ ገና ለጋ ነው። እኔ የምጠብቀው ከሳሽ ግን መረጃውን ራሱ ከሰጠው ይልቅ ሌላ ሰው አሳልፎ የሰጠበት ነው። በኬንያ እንዲህ ያለ ሰው ተሰምቷል። በ2023 የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር በስልክ ብድር የሚሰጥ ኩባንያን 2,975,000 ሽልንግ ቀጥቷል። ቅሬታ አቅራቢዎቹ ስማቸውና ቁጥራቸው ከሌላ ሰው ተወስዶ በማስፈራሪያ መልእክትና ጥሪ የተማረሩ ነበሩ። ጥፋታቸው ቢባል፣ ቁጥራቸው በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ነው።